የሙሴ ዴልማስ ቀብር

ካኦር የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ መርሐቤቴ የገባችው በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት ማግስት ነው። አገባቧ ሥርዓት ነበረው። አስቀድሞ ስሟ መጣ፤ ቀጥሎ የወይን ግንዶቿ፤ ከዚያ የድልድይዋ ድንጋዮች፤ በመጨረሻም መመሪያዋ። ሕዝቧ አልመጣም። ሕዝቧ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊንላንድና ወደ ኖርዌይ ከተበተነ ቆይቶ ነበር። መመሪያው ግን ሕዝብ ከየት እንደሚገኝ በግልጽ ስላስቀመጠ ማንም አልተጨነቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካኦር የከተማም የወይንም ስም ነው። ወይኑ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎት የሚባል ወንዝ እየተጠማዘዘ ከሚያልፍበት የኖራ ድንጋይ አገር ይወጣል። ቀይ ወይን ይባላል፤ ቀይ መባሉ ግን ለትሕትና ነው። ጥቁር ነው። ደብተራ ቢያገኘው ክታብ ይጽፍበታል። አፍ ሲገባ ይከብዳል፣ ምላስ ያደርቃል፣ ከጠጡት በኋላም ቶሎ አይሄድም፤ ወንበር እንደተሰጠው እንግዳ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል። ዓለም ይህንን ሲወድ ኖሯል። ሕጉ ደግሞ ካኦር ተብሎ የሚሸጠው ካኦር ውስጥ የበቀለ ብቻ ነው ይላል። ካኦር ውስጥ ግን ሙቀቱ ዘለላውን ግንዱ ላይ እንዳለ ዘቢብ፣ ዘቢቡን ደግሞ ከሰል ማድረግ ጀመረ። ሕግ አዋቂዎች ዓመታት ተከራክረው መላ አገኙ፦ ወይኑ ከከተማው መውጣት ካልቻለ ከተማው ከወይኑ ጋር ይውጣ።

አጥኚ ቡድን ዓለምን ዞረ። መርሐቤቴ ሲደርስ ነጭ ገደል የምትባል መንደር አገኘ። የኖራ ድንጋይ አላት። ጀማ ከሥሯ ተጠማዞ ያልፋል። የካኦር ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ የነጭ ገደልም ታቦት እስጢፋኖስ ነው። ቡድኑ ግን የወሰነው በዚህ አይደለም ይባላል። የወረዳው የግብርና ባለሙያ "አካባቢው ወይና ደጋ ነው" ሲል አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። "ስሙ ውስጥ ራሱ ወይን አለበት?" ብለው ተያዩ። በዚያው ሳምንት ጀማ በስምምነት ሎት ተባለ። ጀማ አልሰማም። ክረምት ሲገባ እንደ ድሮው ደፍርሶ፣ ሁለት በሬና የአንድ ሚኒስትር ዴኤታ መኪና ይዞ ወረደ።

መመሪያው ወይን ከተፈጥሮና ከሰው ይሠራል ይላል። ተፈጥሮው ተገኘ። ሰውም ነበረ፤ የጎደለው ካኦሬ መሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባወራ የአንድ የካኦር ነዋሪ ስም ተሰጠው፤ መሬቱም በዚያ ስም ተመዘገበ። ስሙን የተቀበለ መሬቱን ያዘ። ያልተቀበለ ከቁርጥ ውሃ ጅረት ማዶ፣ ከድንበሩ ውጭ፣ ሰፋ ያለ ድንጋይ ተሰጠው።

ናሁሰናይ ተክለየስ ተቀበለ። የደረሰው ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ፒየር ዴልማስ ነው፤ ወይን አምራች፣ ባለትዳር። ያን ጊዜ ማሽላና ማሾ የሚያመርት፣ ድምፁ የማይሰማ ጎልማሳ ነበር። ሚስቱ ብሩክታዊት ማዳም ዴልማስ ሆነች። እናቱን እማማ ሶልያናን የአያት ዴልማስን ቦታ እንዲይዙ ቢለምኗቸው፣ "እኔ በአባቴ ስም ነው የምሞት" ብለው ፍየሎቻቸውን እየነዱ ማዶ ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አለፈ።

ናሁሰናይ ጠዋት ደወል ሲደወል ጠፍጣፋውን ቆብ ደፍቶ ይወጣል። ከዳቦ ቤት ረጅሙን ዳቦ ይወስድና ብብቱ ሥር ይወትፋል። ዳቦ በፌስታል መያዝ ያስቀጣል። መንገድ ላይ ጎረቤቱን አብነትን፣ በመመሪያው ስሙ ማርሴልን፣ ሲያገኘው ጉንጩን ሁለቴ ይስመዋል፤ ሦስተኛው መሳም የመርሐቤቴ ነው ተብሎ ታግዷል። ከዚያ ቆመው መንግሥትን ያማርራሉ። ማማረር ግዴታ ነው። የሚማረረው ግን የፓሪሱ መንግሥት ነው፤ ሌላ መንግሥት ማማረር በሌላ ሕግ ይታያል።

ምሳ ላይ ወይን ይጠጣል። ማለትም ከርከዴ ይጠጣል፤ ወይኑ ለውጭ ገበያና ለጎብኚ ብቻ ነው። ከርከዴውን ግን ብርጭቆው ውስጥ ማዞር፣ ማሽተት፣ ዓይን ጨፍኖ "እምም" ማለት ያስፈልጋል። አርብ አርብ ዳክዬ ይበላል። ካህናቱ አርብማ ጾም ነው ብለው ስለተከራከሩ በዳክዬ ቅርጽ የተጋገረ ሽሮ ተፈቀደ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሥራ ማቆም አድማ አለ፤ ቀኑን የሚያወጣው ጽሕፈት ቤቱ ነው። አንድ ዓመት ገበሬዎቹ የሚገረዝ ወይን ስላለን አድማው ይቅርብን ብለው ቢጠይቁ፣ ሥራ ለመሥራት አድማችኋል ተብለው ተቀጡ።

በየመብራት ምሰሶው ላይ ዓይን አለ። ዓይኑ ያያል፣ ይሰማል፣ በየወቅቱ መጨረሻም ነዋሪውን ሁሉ በደረጃ ያወጣል። ናሁሰናይ ሁልጊዜ አንደኛ ነው። ትከሻውን ከፍ፣ ከንፈሩን ዝቅ አድርጎ "ፕፍፍ" ሲል ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎች ያጨበጭቡለታል። "የዓመቱ ካኦሬ" የሚል ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ አዳዲስ ተጋቢዎችን ትከሻ ማንሣት የሚያሠለጥነውም እሱ ነው። እናቱ ማዶ ሆነው "ልጄ ሞቶ ፈረንጅ ተወለደልኝ" ይላሉ። እሱን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጭብጨባው ደስ ይለው ነበር። ለናሁሰናይ ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም።

ኮሌት ዴልማስ የመጡት በጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጎብኚዎች አውቶቡስ ወርደው፣ ሌሎቹ ባለ ሦስት ግንቡን ድልድይ ፎቶ ሲያነሱ፣ ብቻቸውን በር እያነበቡ መጡና የናሁሰናይን በር አንኳኩ። ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበ ቀጭን ሴት ናቸው። ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ብብታቸው ሥር ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ለጎብኚ የሚሰጠውን አንድ ብርጭቆ ወይን፣ እንዳይፈስ በመዳፋቸው ከድነው።

"ዴልማስ ቤት እዚህ ነው?" አሉ። ጆሯቸው ላይ የተሰካው አስተርጓሚ ቃላቸውን በጥሩ አማርኛ አወጣው።

ናሁሰናይ ቆቡን አስተካክሎ በፈረንሳይኛ ተቀበላቸው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ አየሩና ስለ ግብር አንዳንድ ነገር ነበረበት። ሴትዮዋ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"ይቅርታ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው?"

"በፈረንሳይኛ።"

"እንደዚህ ሲነገር የሰማሁት ልጅ ሆኜ በፊልም ነው። ካላስቸገርኩ በራስዎ ቋንቋ ይሁንልኝ።"

ብሩክታዊት ከኋላ ብቅ አለች። "ይግቡ እናቴ፣ ደጅ አይቁሙ።"

ኮሌት ገብተው ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ብሩክታዊት እንግዳ ብስኩት ይዞ መምጣቱ ደስ ብሏት ልትከፍተው እጇን ስትዘረጋ ኮሌት "ባሌ ነው" አሉ። ብሩክታዊት እጇን ሰበሰበች።

ከዚያ ነገሩን አስረዱ። ባላቸው በሚያዝያ ፊንላንድ ውስጥ ሞቶ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመድ ሆነ። ኑዛዜው አንድ መስመር ነበር፦ ካኦር ቅበሩኝ። የጥንቱ ቦታ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሙቀት አጥር አለበት፤ እንኳን ሕያው ሰው፣ አመድም አያስገቡም። ስሙም ካኦር አይደለም፤ "የቀድሞ ሰፈራ" ነው የሚባለው። የሕግ ሰው ጠየቁ። የሕግ ሰውየው ካርታ ከፍቶ ካኦር መርሐቤቴ ናት አላቸው።

"እና አመጣሁት። ፒየር ዴልማስ ይባላል" አሉ።

"ፒየር ዴልማስ እኔ ነኝ" አለ ናሁሰናይ። ልማድ ሆኖበት ነው። አፉን እንደዘጋ አፈረ።

"አውቃለሁ" አሉ ኮሌት። "ስሙን ለአንድ ሰው ሊሰጡት ሲሉ ነግረውት ነበር። ያን ቀን ብዙ ሳቀ። 'አፍሪካ ውስጥ አንድ ሰው እኔን ሆኖ ይውላል፣ እኔ ልረፍ' አለኝ።"

ናሁሰናይ ወንበር ስቦ ቀረብ አለ። አሥራ አራት ዓመት የሚያውቀውን ሰው የሚያውቅ ሰው አግኝቷል። "ወይኑስ በየት በኩል ነበር? ዳገቱ ላይ ነው ወይስ ወንዙ ዳር?"

"የቱ ወይን?"

"የሙሴ ዴልማስ።"

"ፒየር የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። የሚጠጣው ቢራ ነው፤ ወይን ገላውን ያሳክከዋል።"

ብሩክታዊት ወደ ጓዳ ገባች። ሳቋ ግን ግድግዳውን አልፎ ተሰማ።

"ቆብስ?" አለ ናሁሰናይ ቀስ ብሎ።

"ራሱ ትልቅ ነበር። ቆብ አይበቃውም።"

ናሁሰናይ ተነሣና ትከሻውን አነሣ፣ ከንፈሩን ዝቅ አደረገ፣ "ፕፍፍ" አለ። "ይሄንንስ?"

ኮሌት አዩት። "ይሄንንስ ያደርግ ነበር" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "አይ፣ አያደርግም ነበር። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው" አሉ።

ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ኮሌት አዘኑለት መሰለኝ፤ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። "ብቻዬን አልጠጣም። ግማሹ የእርስዎ ነው።"

"ለነዋሪ አይፈቀድም።"

"እዚህ ቤት ውስጥ ዓይን አለ?"

አልነበረም። ናሁሰናይ የገረዘውን፣ ያጠጣውን፣ የለቀመውን ወይን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰ። ከባድ ነው። እንደ ጉሽ ጠላ አፍ ይሞላል፤ ከዚያ እንደ እንቆቆ ምላስ ይይዛል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ዝናብ የነካው የገዛ መሬቱ ሽታ መጣበት። "እምም" ማለትንም ረሳ።

ኮሌት ቀሪውን ጠጡና ብርጭቆውን በብርሃን አዩት። "ከእኛው ይሻላል" አሉ። "ለማንም እንዳትናገሩ።"

እኩለ ቀን ሳይሆን ሦስቱም ቆርቆሮውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ኃላፊው ያፌት ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሁሉን ነገር በትሕትና የሚከለክል ወጣት ነው።

"ማዳም፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው" አለ። "ነገር ግን ሙሴ ፒየር ዴልማስ አልሞቱም።"

ኮሌት ቆርቆሮውን ተመለከቱ። "እርግጠኛ ነህ?"

"ይኸው አጠገብዎ ቆመዋል። ባለፈው ወቅት አንደኛ ናቸው። በሕይወት ያለ ሰው መቅበር አንችልም።"

"በሌላ ስም ቢቀበርስ?" አለ ናሁሰናይ።

"አይሆንም" ያሉት ኮሌት ናቸው። "ከተማውን ወሰዱበት። ሥራው ቀረ፤ ፊንላንድ አውቶቡሶቹ ራሳቸውን ነው የሚነዱት። ሲናገር የሚረዳው እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀረችው ስሙ ናት፤ በስሙ ይገባል።"

ያፌት መመሪያውን አስነበበና አዳመጠ። "ይቻላል" አለ በመጨረሻ። "ሆኖም ቀብሩ እንደተፈጸመ ፒየር ዴልማስ የሚለው መዝገብ ይዘጋል። እርስዎ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሟች ነዎት ማለት ነው፣ ሙሴ ዴልማስ። ሟች ድንበሩ ውስጥ እንዲኖር አይፈቀድም።" ትንሽ አሰበ። "በሌላም ቦታ አይለመድም።"

ናሁሰናይ ደረቱ ላይ ያለውን ሜዳሊያ ያዘ። ብሩክታዊት ግን አንድ እርምጃ ቀረበች።

"ባል ሲሞት ሚስቱስ?"

"መበለት የባሏን ወይን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትይዛለች።"

"ትመዘናለች?"

"አትመዘንም። ጥቁር መልበስ ብቻ ነው።"

"ዳቦ መወተፍ የለም? ከርከዴ ማሽተት የለም? ፓሪስን ማማረር የለም?"

"ምንም የለም። መመሪያው ሐዘን በየትኛውም አገር አንድ ነው ብሎ ያምናል።"

ብሩክታዊት ቀስ ብላ ዞረችና ባሏን አየችው።

"እንደሱ አትዪኝ" አለ ናሁሰናይ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኮሌት ፊት ፊት ሄዱ፤ ባልና ሚስት ኋላ ቀርተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተጣሉ።

"እኔን ቀብረሽ ልትኖሪ ነው?"

"መሬቱን ነው የምይዘው። ማዶ ከእናትህ ጋር ትሆናለህ፤ ጅረት ነው እንጂ ባሕር አይደለም። በየቀኑ እመጣለሁ።"

"አሥራ አራት ዓመት ለፍቼ አንደኛ የወጣሁበትን?"

"አንደኛ የወጣኸው በምንድን ነው? ሌላ ሰው በመሆን።"

ናሁሰናይ ጥቂት ሄደና ቆመ። "እሱንም እኮ አልሆንኩም" አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሌትን ይዘው ቁርጥ ውሃን ተሻገሩ። እማማ ሶልያና ፍየል እያለቡ ነበር። እንግዳዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ወተት ሰጧቸው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነም ሲነገራቸው ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እዚህ ይቀበር" አሉ። "ለእኔ ያልኩት ቦታ አለ፤ ለሁለታችንም ይበቃል። እዚህ ስሙን የሚጠይቀው የለም።"

ኮሌት ለረጅም ጊዜ ድንጋዩን ተመለከቱ። "ቃል ገብቼለታለሁ" አሉ። "ያኛው ካኦር ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። እውነተኛው ግን የለም። በሌለ እውነት ውስጥ መቅበር አልቻልኩም።"

"ይሄስ አለ" አሉ እማማ ሶልያና።

ናሁሰናይ መሬቱን በእንጨት እየጫረ ነበር። ቀና ሳይል፣ "እንዴት ያለ ሰው ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

ኮሌት አሰቡ። "ዝምተኛ። ከካኦር የወጣው የመጨረሻው አውቶቡስ የእሱ ነው። ሰው ተጨናንቋል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ውጭው እሳት ነው። ድልድዩ መሐል ሲደርስ አቆመና ወረደ። ሰው ጮኸበት። እኔም ጮህኩበት። እሱ መንገዱ ላይ ቆሞ ከተማውን ያያል።"

"ምን አደረገ?"

"ምንም። ቆሞ አየ። ተመልሶ ሲገባ 'አንድ ሰው ሊሰናበታት ይገባል' አለ። ከዚያ ነዳ።"

ናሁሰናይ ስም የታደለበትን ቀን አስታወሰ። ሰልፍ ይዞ ነበር። ከፊቱ አብነት፣ ከኋላው የአብነት ወንድም፤ ሰልፉ ቶሎ ስለሄደ ተደስተው ነበር። ነጭ ገደልን ያን ቀን ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። እሷ ግን በዚያው ሄደች።

"ብሞት ምን ልሆን ነው እማዬ?" አለ።

"ልጄ ነሃ። ሌላ ምን ልትሆን።"

"እንግዲያው ይቀበር" አለ ናሁሰናይ። ሜዳሊያውን ፈትቶ፣ ለማንም ሳያሳይ ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰና ኪሱ ከተተው። ብሩክታዊት ግን አየች። እንድትሞትልኝ እፈልጋለሁ ብላ የተከራከረችው ሴት ያን ጊዜ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ቀብሩ ሰኞ ረፋድ ላይ ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ አሳምሮ አዘጋጀው። ነዋሪው ሁሉ ጥቁር ለብሶ፣ በእስጢፋኖስ ግቢ በሁለት ረድፍ ቆመ። ያፌት ከቀብሩ በፊት አጭር ማሳሰቢያ ሰጠ፦ ጩኸት የለም፣ ደረት መምታት የለም፤ ዕንባ በመሐረብ ጫፍ ይጠረጋል፤ ሐዘን በፊት ገጽታ ይገለጻል። ጎብኚዎች በገመድ ከተከለለ ቦታ ያያሉ። ናሁሰናይ አፈር እስኪገባ ድረስ በሕይወት ስላለ መገኘት ተፈቀደለት። እማማ ሶልያና የጎብኚ ፈቃድ ተሰጥቷቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡ።

ቄሱ ጸለዩ። ኮሌት ቆርቆሮውን በገዛ እጃቸው ጉድጓዱ ውስጥ አኖሩ። ሰዉ በመመሪያው መሠረት በጸጥታ አዘነ። መሐረቦች ወጡ፣ ገቡ። ኮሌት ብቻቸውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው፣ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ እጃቸውን ያያሉ።

እማማ ሶልያና ይህን አልቻሉም። ገመዱን አልፈው ሄዱ፣ ኮሌትን ክንዳቸውን ያዙና ድምፃቸውን አወጡ፦

"አገር ከሰው በፊት ይሞታል ወይ ጌታው፣
ሰው ከአገሩ ጠፍቶ፣ አገር ከቦታው።"

ግቢው ውስጥ የነበረው ዝምታ ተሰነጠቀ። አብነት መጀመሪያ በመሐረቡ አፉን አፈነ። እማማ ሶልያና ቀጠሉ፦

"እንኳን ደህና መጣህ አልልህ ከሞትህ፣
መሄዴን ሳልሰማ እኔም ጠፋሁልህ።"

አብነት መሐረቡን ጣለና ደረቱን መታ። ከኋላው ዳቦ ጋጋሪዋ ጮኸች። ከዚያ ማን ማንን ያቆማል? አሥራ አራት ዓመት በሁለት መሳምና በ"ፕፍፍ" የታመቀ ልቅሶ ተፈታ። የሚያለቅሱት ለማን እንደሆነ የለየ አልነበረም፤ አንዱ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለናሁሰናይ፣ አብዛኛው ለነጭ ገደል። ምሰሶዎቹ ላይ ያሉት ዓይኖች ያለማቋረጥ ቀይ ያበራሉ፤ የመንደሩ ደረጃ ሁሉ እየወረደ ነው። ጎብኚዎቹ መቅረጻቸውን አቁመው ነበር።

"እባካችሁ! እባካችሁ!" አለ ያፌት መሐል ገብቶ። "ካኦር እንዲህ አይለቀስም!"

ኮሌት ከእማማ ሶልያና ትከሻ ላይ ቀና አሉ። ፊታቸው በዕንባ ርሷል።

"የካኦር ልጅ እኔ ነኝ" አሉ። "እንዲህ ነው የሚለቀሰው።"

ያፌት መሣሪያውን አውጥቶ መመሪያውን ጠየቀ። መመሪያው ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። ቆይቶ "በተወላጅ ምስክርነት ተፈቅዷል" ብሎ ለመሣሪያው ተናገረ፤ ዓይኖቹም አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ተመለሱ።

የመጀመሪያውን አፈር ኮሌት፣ ሁለተኛውን ናሁሰናይ አለበሱ። ናሁሰናይ አካፋውን ለአብነት ሲያቀብል ያፌት ቀስ ብሎ ቀረበውና ቆቡን ተቀበለው። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"ነፍስ ይማር፣ ሙሴ ዴልማስ።"

"አሜን" አለ ሟቹ።

ናሁሰናይ ብቻውን ወደ ድንበሩ በር ሄደ። ብሩክታዊት መበለት ስለሆነች ልትሸኘው አልተፈቀደላትም፤ መቃብሩ አጠገብ ቆማ ጀርባውን አየች። ማዶ ሲደርስ የእናቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ማክሰኞም እዚያው ዋለ። ትከሻው በየመሐሉ ራሱን ያነሣ ነበር፤ እናቱ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ይጭኑበታል።

ረቡዕ የሙሴ ዴልማስ ሰልስት ነው። ኮሌት ሐዘንተኛ ተብለው ፈቃዳቸው ተራዝሞላቸው ከብሩክታዊት ጋር ለቅሶ ተቀምጠዋል። ሚስት ለባሏ፣ ሚስት ለባሏ፤ አንዷ አመዱን አንዷ ስሙን። ናሁሰናይ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ የአባቱን ጋቢ ለብሶ ጅረቱን ተሻገረ።

በሩ ላይ ተረኛው አብነት ነበር። አብረው ፍየል ያገዱ፣ አንድ ቀን የተዳሩ ሰዎች ናቸው። ከአብነት ራስ በላይ ግን ዓይኑ ነቅቶ ያያል። አብነት መሣሪያውን አወጣና ድምፁን አደረቀ።

"ነዋሪ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ለምን መጣህ?"

"ለለቅሶ።"

"የሟቹ ምኑ ነህ?"

ናሁሰናይ አሰበ። ዘመድ ማለት አልሆነለትም፤ ባዕድ ማለትም አልሆነለትም። "ዘግይቼ ነው ያወቅሁት" አለ። "ደህና ሰው ነበር።"

አብነት ራሱን ነቀነቀ። "ስም?"

"ናሁሰናይ ተክለየስ።"

መሣሪያው ወዲያው አረንጓዴ በራ። በሩም ተከፈተ። አብነት ግን ከመንገዱ አልተነሣም። መሣሪያውን ወደ ኪሱ መለሰ።

"ድገመው እስቲ" አለ።

ናሁሰናይ ጋቢውን አስተካክሎ ደገመለት።